መልካም ስም የለበሰ ኃጢአት

በኮንጎ ስለ ደረሰው ግፍና ስለ ጆሴፍ ኮንራድ መጽሐፍ በእግዚአብሔር ቃል ብርሃን የቀረበ አስተንትኖ



በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 21 የናቡቴ ታሪክ ተጽፎ እናገኛለን። ንጉሥ አክዓብ በቤተ መንግሥቱ አጠገብ የነበረውን የናቡቴን የወይን ቦታ ተመኘ። ናቡቴ ግን የአባቶቹን ርስት አሳልፎ እንደማይሰጥ ነገረው። ንጉሡም አዝኖ ተኛ፤ እህል አልቀምስም አለ። ከዚህ በኋላ የሆነውን በጥንቃቄ ማስተዋል ይገባናል። ንግሥት ኤልዛቤል ወታደር ልካ እርሻውን በገሃድ አልቀማችም። በንጉሡ ስም ደብዳቤ ጻፈች፤ በማኅተሙም አተመችው። የከተማው ሽማግሎች ጾም እንዲያውጁ አዘዘች፤ ሁለት ምስክሮችም እንዲቆሙ አደረገች። ናቡቴም እግዚአብሔርንና ንጉሡን ሰድቧል ተብሎ በድንጋይ ተወገረ። ማኅተም ነበረ፤ ሸንጎ ነበረ፤ ምስክር ነበረ፤ ጾምም ነበረ። የጠፋው እውነት ብቻ ነው። አክዓብም በገዛ እጁ አንዲት ጠጠር ሳያነሣ ባለ ርስት ሆነ።

በዚህ እትም የናቡቴን ታሪክ መነሻ አድርገን፣ ከመቶ ዓመት በፊት በአፍሪካ እምብርት ስለ ተፈጸመ ተመሳሳይ ግፍ፣ ያንን ግፍ በዓይኑ አይቶ ስለ ጻፈ አንድ ታላቅ ደራሲም እናስተነትናለን። ልብ ወለድ መጽሐፍ ለምእመን ምን ይጠቅመዋል የሚል አንባቢ ቢኖር ነቢዩ ናታንን ያስታውስ። ዳዊት ኃጢአቱን በሥልጣኑ ሸፍኖ በተቀመጠ ጊዜ ናታን የነገረው ስለ አንድ ድኻና ስለ አንዲት በግ የሚያወሳ ምሳሌ ነበር። ንጉሡ በታሪኩ ውስጥ ባለው ክፉ ሰው ላይ ከፈረደ በኋላ ነው ያ ሰው ራሱ እንደ ሆነ የተረዳው። መልካም መጽሐፍም እንዲሁ በሌላው ላይ አስፈርዶ ወደ ራሳችን ይመልሰናል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ንጉሡ ያልረገጠው ምድር

ከ1884 እስከ 1885 የአውሮፓ መንግሥታት በበርሊን ከተማ ተሰብስበው በአፍሪካ ስለሚኖራቸው ንግድና ይዞታ ተነጋገሩ። በጠረጴዛው ዙሪያ አንድም አፍሪካዊ አልተቀመጠም። በዚያን ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የቀናው የቤልጅየም ንጉሥ ሊዮፖልድ 2ኛ ነው። ከገዛ አገሩ ከ70 እጥፍ በላይ የሚሰፋውን የኮንጎን ምድር በ1885 በእጁ አስገባ። ምድሪቱ የተሰጠችው ለቤልጅየም መንግሥት ሳይሆን ለንጉሡ ለራሱ ነበር።

ሊዮፖልድ ይህን ያገኘው በጦር ብቻ አይደለም፤ ከጦር በፊት የላከው ቃል ነው። የባሪያ ንግድን አጠፋለሁ፤ ሥልጣኔን አስገባለሁ፤ ለሚሲዮናውያን መንገድ እከፍታለሁ አለ። የግዛቱንም ስም «የኮንጎ ነፃ መንግሥት» ብሎ ሰየመው። ብዙ ቅን ሰዎች፣ ከእነርሱም መካከል አያሌ ካቶሊኮች፣ ይህን ሰምተው አመኑት። ንጉሡ ግን እስኪሞት ድረስ ኮንጎን በእግሩ አልረገጠም። እንደ አክዓብ በቤቱ ተቀምጦ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር።

በምድሪቱ ላይ የሆነው እንዲህ ነው። ባዶ ነው የተባለ መሬት ሁሉ የመንግሥት ንብረት እንዲሆን በአዋጅ ተደነገገ። አስቀድሞ የተፈለገው የዝሆን ጥርስ ነበር። በኋላ የብስክሌትና የመኪና ጎማ በዓለም ገበያ በተስፋፋ ጊዜ በጫካው ሐረግ ውስጥ የሚገኘው የጎማ ወተት እንደ ወርቅ ተፈለገ። እያንዳንዱ መንደር የሚያስገባው መጠን ተወሰነበት። ወንዶቹ ያንን ይዘው እስኪመለሱ ድረስ ሚስቶቻቸው በመያዣነት ይታሰሩ ነበር። መጠኑን ያላሟላ ከጉማሬ ቆዳ በተሠራ አለንጋ ይገረፋል፤ እምቢ ያለ መንደር ይቃጠላል። ወታደሮቹ ጥይት በከንቱ እንዳያባክኑ፣ ለተኮሱት ለእያንዳንዱ ጥይት የአንድ ሰው ቀኝ እጅ ቆርጠው እንዲያሳዩ ይጠየቁ ነበር። ጥይት ለአደን ያዋለ ወታደር ሒሳቡን ለማሟላት የሕያዋንን እጅ ይቆርጥ ነበር። በግድያ፣ በረሃብ፣ በስደትና በበሽታ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። ይህ ሁሉ በ«ነፃ መንግሥት» ስም ሆነ።

ኮንራድ ያየውና የጻፈው

ጆሴፍ ኮንራድ በ1857 ከፖላንዳውያን ወላጆች ተወለደ። አገራቸው በሩስያ ግዛት ሥር ነበረች። አባቱ ለነፃነት በመቆሙ ከነቤተሰቡ ወደ ሰሜን ሩስያ ተጋዘ። ልጁ ገና 12 ዓመት ሳይሞላው እናትም አባትም ሞቱበት። ባዕድ መንግሥት በቤት ላይ ሲጫን ምን እንደሚያደርግ የተማረው ከመጽሐፍ አልነበረም። በኋላ መርከበኛ ሆነ፤ በ1890ም በኮንጎ ወንዝ ላይ በእንፋሎት መርከብ ሊሠራ ተቀጥሮ ሄደ። በጥቂት ወራት ውስጥ በጠና ታሞ፣ ባየውም ነገር መንፈሱ ተሰብሮ ተመለሰ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1899፣ «የጨለማ ልብ» የተባለውን ሥራውን በመጽሔት ላይ በተከታታይ አወጣ፤ በ1902ም በመጽሐፍ ታተመ።

ታሪኩ አጭር ነው። ማርሎ የተባለ መርከበኛ በወንዙ ላይ ሽቅብ ይጓዛል። በሩቁ ጣቢያ ኩርትዝ የሚባል ስመ ጥር የኩባንያ ወኪል አለ። ማርሎ ገና ጉዞውን ሳይጀምር የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ያለባት የአውሮፓ ከተማ፣ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ግብዞችን የመሰለበትን በኖራ የተለሰነ መቃብር ታስታውሰዋለች። ውጭው ነጭ ነው፤ ውስጡ አጥንት ነው።

በመጀመሪያው ጣቢያ የኩባንያውን ዋና ሒሳብ ያዥ ያገኛል። ሰውየው ልብሱ ነጭና የተተኮሰ፣ መዝገቡም እንከን የሌለበት ነው። ከእርሱ ቢሮ ጥቂት እርምጃ ርቆ ግን በሥራ ብዛትና በረሃብ የደከሙ ኮንጎዎች በዛፍ ጥላ ሥር ወድቀው ይሞታሉ። አንድ በሽተኛ በቢሮው ውስጥ በቃሬዛ ተኝቶ ሲያቃስት፣ ሒሳብ ያዡ ድምፁ ቁጥር እንደሚያሳስተው ያማርራል። ይህ ሰው ማንንም አልገደለም፤ ማንንም አልገረፈም። ነገር ግን የሚሞተው ወንድሙ ለእርሱ የሥራ እንቅፋት ብቻ ሆኗል። ወንድሞቼ ሆይ፣ ብዙዎቻችን ከኩርትዝ ይልቅ ይህን ሰው እንዳንመስል መፍራት ይገባናል።

ኩርትዝ ግን ከዚህ ይለያል። የተማረ፣ አንደበቱ የጣፈጠ፣ ሥዕልም ሙዚቃም የሚያውቅ ነው። ወደ አፍሪካ የሄደው ብርሃን አበራለሁ ብሎ ነው። አረመኔ ልማዶችን ስለ ማጥፋት እንዲጽፍ አንድ ማኅበር አደራ ሰጥቶት ልብ የሚነካ ዘገባ አዘጋጅቶ ነበር። በዘገባው መጨረሻ ግን በኋላ በተንቀጠቀጠ እጅ የተጨመረ አንድ አጭር ትእዛዝ አለ፤ ትርጉሙም ሁሉንም ፍጁ ማለት ነው። ማርሎ ወደ ኩርትዝ ቤት ሲቃረብ በአጥሩ ላይ ጌጥ የመሰሉ ክብ ነገሮች ከሩቅ አይቶ ነበር። ቀረብ ብሎ ሲመለከት በእንጨት ላይ የተሰኩ የሰው ራሶች ሆነው አገኛቸው። የመጽሐፉ ትምህርት በዚህ አንድ ሥዕል ይጠቃለላል፤ ከሩቅ ጌጥ የመሰለው ከቅርብ ሬሳ ነው።

ክፋት ወደ ልብ የሚገባባቸው ሦስት በሮች

ይህን ታሪክ በጸሎት መንፈስ ስናነበው ሥልጣን የሰውን ልብ የሚያበላሽባቸው ሦስት በሮች ይታዩናል።

የመጀመሪያው በር መልካም ቃል ነው። ሰው ክፋትን ክፋት ብሎ የሚመርጠው ጥቂት ጊዜ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ስም ያወጣለታል። ዝርፊያው ሥልጣኔ ይባላል፤ ባርነቱ ሥራ ማስተማር ይባላል፤ ናቡቴን መግደልም ለእግዚአብሔር ክብር መቅናት ይባላል። ኩርትዝ በዘገባው ውስጥ ያሉትን ያማሩ ቃላት ሲጽፍ ውሸቱን አልነበረም ይሆናል። ነገር ግን በቃሉ ውበት ረክቶ ሥራውን መመርመር ተወ።

ሁለተኛው በር የሚያርም ዓይን የሌለበት ቦታ ነው። አባቶቻችን «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይላሉ። ኩርትዝ በአገሩ ሳለ ሕግ፣ ጎረቤት፣ ወሬና ሐፍረት ይጠብቁት ነበር። በጫካው ውስጥ እነዚህ ሁሉ ቀሩ። በዚያን ጊዜ በልቡ ውስጥ የሚጠብቀው ሌላ ነገር እንደሌለ ተገለጠ። ኮንራድ ይህን ሰው ውስጡ ባዶ እንደ ሆነ አድርጎ ይሥለዋል። ጫካው ክፉ አላደረገውም፤ ባዶነቱን ብቻ አሳየ። እኛ ክርስቲያኖች ግን የእግዚአብሔር ዓይን የማያይበት ጫካ እንደሌለ እናምናለን። ቃየንም በሜዳ ላይ ብቻውን መስሎት ነበር፤ የወንድሙ ደም ግን ከምድር ጮኸ።

ሦስተኛው በር ውሸት ነው። ኩርትዝ በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ የሕይወቱን አስፈሪነት በአጭር ጩኸት መሰከረ። ማርሎ ወደ አውሮፓ ከተመለሰ በኋላ የኩርትዝን እጮኛ ሊጠይቅ ሄደ። እርስዋ ኩርትዝን እንደ ቅዱስ ታስበው ነበር። የመጨረሻ ቃሉን ንገረኝ ባለችው ጊዜ ማርሎ ስምሽን ጠራ ብሎ ዋሻት። ያደረገው ከርኅራኄ የተነሣ ነው። ነገር ግን በዚያ አንድ ውሸት የተሰኩት ራሶች እንደገና ጌጥ ሆኑ። ግፍ የሚቀጥለው ግፈኞች ስለ በረቱ ብቻ አይደለም፤ እውነቱን የሚያውቁ ደጋግ ሰዎች ሰውን ላለማስከፋት ዝም ስለሚሉም ነው።

ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ በ1987 ስለ ማኅበራዊ ጉዳይ በጻፉት መልእክት የኃጢአት መዋቅሮች እንዳሉ አስተምረዋል። እነዚህ መዋቅሮች ከሰማይ የወረዱ አይደሉም፤ ከግለሰቦች ኃጢአት የተገነቡ ናቸው። ሥራቸውም በተለይ ሁለት ነው፤ ለትርፍ መስገብገብና በሌላው ላይ ለመግዛት መጠማት። የኮንጎው ግፍ ከሁለቱም የተሠራ ነበር።

አልዓዛር ስም አለው

እዚህ ላይ ስለ መጽሐፉ ራሱ አንድ ቅሬታ መነሣቱ አይቀርም፤ ተነሥቷልም። በ1975 ናይጄሪያዊው ደራሲ ቺኑዋ አቼቤ በአሜሪካ በሰጠው ንግግር ኮንራድን በብርቱ ወቀሰው። በመጽሐፉ ውስጥ አፍሪካ የአንድ አውሮፓዊ ነፍስ የምትጠፋበት መድረክ ብቻ ሆናለች፤ አፍሪካውያኑም ስምና አንደበት የላቸውም አለ። ወቀሳው እውነት አለው። ኮንራድ ግፈኛውን አጋልጧል፤ ለተገፋው ግን ድምፅ አልሰጠም። ስለዚህ መጽሐፉን ስናነብ ያልተጻፈውንም ስም መፈለግ ይገባናል።

ከእነዚያ ስሞች አንዱን እናውቀዋለን። በ1904 ንሳላ የተባለ አባት አሊስ ሃሪስ ወደምትባል እንግሊዛዊት ሚሲዮናዊት ቤት መጣ። በቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዞ ነበር። ሲገለጥ የ5 ዓመት ልጁ የቦአሊ እጅና እግር ነበር። የጎማ ኩባንያው ዘበኞች ገድለዋት ከአካሏ የቀረው ያ ብቻ ነበር። ሚሲዮናዊቷ ንሳላን በበረንዳው ላይ ተቀምጦ የልጁን እጅና እግር ሲመለከት ፎቶግራፍ አነሣችው። ያ ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ። በሒሳብ መዝገብ ውስጥ ቦአሊ የአንድ ጥይት ማስረጃ ነበረች፤ በአባቷ ጉልበት አጠገብ ግን ልጅ ናት፤ ስምም አላት።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ጌታችን የነገረንን እናስብ። በደጅ የወደቀው ድኻ አልዓዛር ይባላል። ሐምራዊ የለበሰው ባለጠጋ ግን ስም አልተሰጠውም። በዓለም መዝገብ የንጉሡ ስም በሐውልት ላይ ይቀረጻል፤ የድኻው ይረሳል። በእግዚአብሔር መዝገብ ግን ነገሩ ተገልብጦ ነው የተጻፈው። የክርስቲያን ጆሮም በዚያኛው መዝገብ መሠረት መስማት አለበት።

ኤልያስ በእርሻው በር

አክዓብ የናቡቴን እርሻ ሊወርስ ሲወርድ ነቢዩ ኤልያስ በዚያው ጠበቀው፤ የገደለውንና የወረሰውን ፊት ለፊት ነገረው። በኮንጎ ታሪክም እግዚአብሔር ምስክር አላሳጣም። ዊልያም ሼፐርድ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ የፕሬስቢቴርያን ሚሲዮናዊ በ1899 በአንድ ሰፈር ውስጥ 81 የተቆረጡ እጆች በእሳት ላይ ሲደርቁ አይቶ ቆጥሮ ጻፈ። ኤድመንድ ሞረል የመርከብ ኩባንያ ጸሐፊ ነበር። ከኮንጎ የሚመጡት መርከቦች ጎማና የዝሆን ጥርስ ጭነው እንደሚመጡ፣ ሲመለሱ ግን በአብዛኛው የሚጭኑት የጦር መሣሪያና ወታደር እንደ ሆነ ከሒሳቡ አስተዋለ። ለሠራተኛው የሚከፈል ነገር ካልተጫነ ሥራው ባርነት መሆን አለበት ብሎ ደመደመ። በኮንራድ መጽሐፍ ሒሳብ ያዡ በመዝገቡ ተሸሸገ፤ ሞረል ግን በመዝገቡ እውነትን አገኘ። ሥራቸው ተቀራራቢ ነው፤ የተለያየው ልባቸው ነው። ኮንራድ በ1890 በኮንጎ ያወቀው ሮጀር ኬዝመንት ደግሞ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ በ1903 አገሩን ዞሮ የመንደሮቹን ሰዎች ቃል በየአንደበታቸው መዘገበ፤ ዘገባውም በ1904 ወጣ። በ1908 ሊዮፖልድ ኮንጎን ለቤልጅየም መንግሥት ለመልቀቅ ተገደደ። የባዕድ አገዛዝ በዚህ ባያበቃም የንጉሡ የግል ርስትነት አበቃ።

እኛ ካቶሊኮች እዚህ ላይ ዓይናችንን ማዞር የለብንም። በኮንጎ ከነበሩት ካቶሊክ ሚሲዮናውያን አብዛኞቹ በዚያን ጊዜ ዝም ብለዋል። ወቀሳውም የእንግሊዝ ፕሮቴስታንቶች ቅናት ነው ተብሎ የተተወበት ጊዜ ነበር። ይህ የሆነው ግን ትምህርት ጠፍቶ አይደለም። ጳውሎስ 3ኛ በ1537 የአዲሱ ዓለም ሕዝቦች ነፃነታቸውንና ንብረታቸውን መነጠቅ እንደሌለባቸው ጽፈው ነበር፤ ጎርጎርዮስ 16ኛም በ1839 የባሪያ ንግድን አውግዘው ነበር። ቃሉ ነበረ፤ የታጣው የሚናገረው አንደበት ነው። ያም ሆኖ በ1906 አርቱር ቬርሜርሽ የተባሉ ቤልጅየማዊ ኢየሱሳዊ ካህን ስለ ኮንጎ ጉዳይ መጽሐፍ ጽፈው የገዛ ንጉሣቸውን አስተዳደር ነቅፈዋል። ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስም በ1992 በሴኔጋል የጎሬ ደሴት፣ ባሮች ይጫኑበት በነበረው ስፍራ ቆመው ክርስቲያኖች ስለ ፈጸሙት በደል የእግዚአብሔርን ይቅርታ ለምነዋል። ፍራንቸስኮስ በ2023 በኪንሻሳ ባሰሙት ንግግር ደግሞ ኃያላን እጃቸውን ከኮንጎና ከአፍሪካ ላይ እንዲያነሡ ጠይቀዋል። በማግሥቱ በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ግፍ የደረሰባቸው ሰዎች የተሠቃዩበትን ዓይነት የስለት መሣሪያ አምጥተው በመስቀሉ ሥር አኖሩ። የቦአሊ አገር ዛሬም በማዕድን ሀብቷ ምክንያት ትደማለች።

በእኛስ ዘንድ?

ናታን ታሪኩን ነግሮ ሲያበቃ ጣቱን ወደ ዳዊት አዞረ። ሥልጣን ያለው ንጉሥ ወይም ጄኔራል ብቻ አይደለም። የሌላ ሰው እንጀራ በእጁ ያለ ሁሉ ባለ ሥልጣን ነው።

እንደ ልጄ አሳድጋታለሁ፣ ትምህርት ቤት አስገባታለሁ ተብሎ ከገጠር የምትመጣውን የዘመድ ልጅ እናስብ። ቃሉ መልካም ነው። ልጅቷ ግን ውኃ ትቀዳለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ማታ በማድቤት ትተኛለች፤ የትምህርት ቤቱን ደጅ ሳታይ ዓመታት ያልፋሉ። ወላጆቿ ሩቅ ናቸው፤ የሚያርም ዓይን የለም። ጎረቤት ልቅሶዋን ይሰማል፤ ነገር ግን የሰው ቤት ነው ብሎ ያልፋል። በአንድ ቤት ውስጥ ሦስቱም በሮች ተከፍተዋል ማለት ነው። ያች ልጅ በዚያ ቤት በስሟ ትጠራለችን?

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል አነጋገርም አለን። ይህን እየሳቅን ስንናገረው፣ ሹመት ማለት መብላት ነው ብለን ልጆቻችንን እናስተምራለን። በወንጌል ግን ሹመት ማለት ማጠቢያውን አንሥቶ ጎንበስ ማለት ነው። ጌታ በመጨረሻው እራት ላይ ያደረገው ይህንን ነው፤ አባትም ሁሉን በእጁ እንደ ሰጠው ባወቀ ጊዜ የያዘው የደቀ መዛሙርቱን እግር ነው። ሰዎች በኮንጎ እጅ የቆረጡት በሥልጣን ነው፤ ጌታም እግር ያጠበው በሥልጣን ነው። የትኛውን እንደምንከተል በየቀኑ እንመርጣለን። እኛ ካህናትም ሆንን እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የእግዚአብሔርን ስም ይዘን ስለምንቆም ፈተናው ለእኛ ይብስ እንደ ሆነ እንጂ አይቀልም።

ስለዚህ ወደ ምሥጢረ ንስሐ ስንቀርብ፣ በየቁምስናውም ከምትሰበስቧቸው ወጣቶች ጋር ስትወያዩ፣ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች እንድታነሡ አደራ እላለሁ። በእጄ ሥር ያለውን ሰው የማስጨንቅበትን ነገር በምን መልካም ስም እጠራዋለሁ? ማንም በማያየኝ ቦታ በድኻው ላይ እንዴት ያለ ሰው ነኝ? ስለ ሌላው ሰው ግፍ እያወቅሁ ዝም ያልሁት እውነት የትኛው ነው? ጥያቄዎቹ አጫጭር ናቸው፤ በቅንነት ከተመለሱ ግን ብዙ ቤት ያስተካክላሉ።

አክዓብ እንኳ የኤልያስን ቃል በሰማ ጊዜ ልብሱን ቀደደ፣ ማቅ ለበሰ፣ ራሱን አዋረደ። እግዚአብሔርም ይህን አየለት። ለአክዓብ ያልተዘጋ የምሕረት ደጅ ለማናችንም አይዘጋም፤ የሚጠብቀው እውነቱን በእውነተኛ ስሙ እንድንጠራው ብቻ ነው።

የቦአሊንና ስማቸው ያልተጻፈውን የወንድሞቿንና የእኅቶቿን ሁሉ ነፍስ እግዚአብሔር በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን። በእጃችን ያለውን ጥቂት ሥልጣንም ለአገልግሎት እንድናውለው ጸጋውን ይስጠን። አሜን።